እህቴ የታረሰችበት ክረምት

ባለፈው ጥር አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ወልዳ ልጠይቃት ሄድኩ። ቤቷ ደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ጫማዬን አውልቄ ወደ ጓዳው ዘለቅ ስል የለጋ ቅቤና የጤና አዳም ሽታ አንድ ላይ ተቀበለኝ። አማቷ በጣታቸው ጫፍ ቅቤ ቆንጥረው ወደ ሕፃኑ አፍ ሲያስጠጉ ደረስኩ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ እጃቸውን ለቀም አደረግኩት።

«ምነው ልጄ?» አሉ ደንግጠው።

«ይቅርታ እማማ» አልኩ። እጃቸውን ግን አልለቀቅኩም። ቅቤው በሁለታችን ጣቶች መሀል ቀልጦ ወለሉ ላይ እስኪንጠባጠብ ድረስ ይዤ ቆየሁ። ባልደረባዬ ከአልጋዋ ላይ ሆና አፍጥጣ ታየኛለች። ስወጣ እስከ በሩ የሸኘችኝ እህቷ «ደህና ነሽ ግን?» ብላ ጠየቀችኝ። ደህና አልነበርኩም። ተናድጄ ነበር። ንዴቱ ደግሞ የዚያን ቀን ንዴት አልነበረም፤ ሃያ ዓመት የሞላው ነው።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሦስተኛ ክፍል ጨርሼ አራተኛን እጠብቃለሁ። ሰፈራችን ከይጁቤ ገበያ የአንድ ሰዓት መንገድ ወረድ ብሎ ነው። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ታላቅ እህቴ አንጓች በበቅሎ ተጭና፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ መጣች። በእኛ አገር የበኩር ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነውና የመጣችው ለመውለድ ነበር። ለኔ ግን ይህን ማን ነግሮኝ! ባሏን ትታ ጠቅልላ የመጣች መስሎኝ በደስታ የማደርገው ጠፋኝ።

«እታለም፣ ሁለተኛ አትሄጂም አይደል?» አልኳት።

«እስቲ ይቺ ትውጣና» ብላ ሆዷን መታ መታ አደረገች።

አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ስድስተኛ ክፍል ሆና ሲድሯት ከክፍሏ ሁለተኛ ነበረች። ዝናቡ ከቤት ሲያግደን መደቡ ላይ ጎን ለጎን ጋደም ብለን የሳይንስ ትምህርቷን በቃሏ ትወጣልኝ ነበር፤ ስለ ልብ፣ ስለ ሳንባ፣ ስለ ወባ ትንኝ። ደብተሮቿንማ እናቴ ከጣሪያው ሥር ሰክታቸው አይጥ ጨርሷቸዋል። ለሠርጓ የተጠመቀው ጠላ ስንት ጋን እንደነበር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያስታውሳል፤ ደብተሮቿ የት እንደገቡ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

የፍልሰታ ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ምጥ ያዛት። እኔን ወደ ውጭ አባረሩኝ። ከጣሪያው ጠፈጠፍ ሥር ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ሴቶቹ «ማርያም! ማርያም!» ሲሉ እሰማለሁ። አባቴ ግቢው ውስጥ፣ ዝናብ እየመታው፣ ማንም ያላዘዘውን እንጨት ይፈልጣል። ሰዓቱ ረዘመ። በመጨረሻ እልልታ ተሰማ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ በፊት ጎረቤት ቤት ወንድ ሲወለድ ሰባት እልልታ ቆጥሬ ነበርና የቀረውን አራት ጠበቅኩ። ሴቶቹ ደክሟቸው ትንፋሽ የሚወስዱ መሰለኝ።

«አባዬ፣ ለምን አቆሙ?»

«ሴት ናት» አለና መጥረቢያውን መልሶ አነሳ።

ያዋለዷት እማማ ሙናት ነበሩ። የሰፈሩን ልጅ ግማሹን፣ እኔንም ጭምር፣ በእጃቸው የተቀበሉ አሮጊት ናቸው። ሲገቡ ሰው ሁሉ ይነሳላቸዋል፤ ቃላቸውን የሚያጥፍ የለም። ስገባ ሕፃኗን አጥበው ቅቤ በአፏ ያደርጉላት ነበር። «አንጀቷ እንዲለሰልስ» አሉ። ጾሙን እኔም ይዤ ነበርና ምራቄን ዋጥኩ፤ እውነቱን ለመናገር ቀናሁባት። ከዚያ ወደ እህቴ ዞረው ጡቷን በጣሳ ላይ አለቡት። እህቴ ጥርሷን ነክሳ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

«ስንዱ፣ ነይ ይቺን ወስደሽ ከጓሮ ድፊ። ሰው የማይረግጠው ቦታ።»

«ምንድን ነው እማማ?»

«እንገር ነው። ዘጠኝ ወር ጡት ውስጥ የከረመ የመጀመሪያ ወተት። ይሄን የቀመሰ ልጅ ሆዱ ተነፍቶ ይሞታል።»

ጣሳውን ከራሴ አርቄ፣ ትንፋሼን ይዤ ተሸከምኩት። ቀለሙ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ነበር። አጥሩ ሥር ደፋሁትና እጄን በአመድ ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ሞትን በጣሳ ይዤ የወጣሁ፣ ቤተሰቤን ያዳንኩ መሰለኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ እናቴ ጨርቅ ልታጥብ ወንዝ ወረደች። አራስ ብቻዋን አትተውምና እኔን አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ሕፃኗ ከማዶ፣ በእናቴ መደብ ላይ፣ ተጠቅልላ ታለቅሳለች። ልቅሶዋ ቀጭን ነበር፤ እንደ ጫጩት።

«ስንዱዬ» አለች አንጓች ቀስ ብላ፤ «አምጪልኝ።»

«ለምን?»

«ላጠባት ነው።»

«እንገር አለ እኮ! ትሞታለች!»

«አትሞትም። አስተማሪያችን ነግሮናል። የመጀመሪያው ወተት ለሕፃን ክትባቷ ነው። አምጪልኝ፣ እማ ሳትመጣ።»

ክትባት! ክትባት የማውቀው ትምህርት ቤት መጥተው ክንዴን የወጉኝን ነው። ሦስት ቀን አብጦ እጄን ማንሳት አቅቶኝ ነበር። እህቴ ያቺን ጣት የምታክል አፍ በመርፌ ልትወጋ መሰለኝ። ተነስታ ግድግዳ እየደገፈች ወደ ሕፃኗ መራመድ ስትጀምር ወጥቼ ወደ ወንዙ ሮጥኩ። ሁለት ጊዜ ጭቃው ጣለኝ።

«እማ! እማ! እታለም ልጅቱን ልትወጋት ነው! እንገር ልታጠባት ነው!»

እናቴ የታጠበውንም ያልታጠበውንም ጥላ ከፊቴ ቀደመች። ቤት ስንደርስ አንጓች ልጇን ታቅፋ፣ ቀሚሷን ከፍታ ነበር። የሕፃኗ አፍ ጡቱን ገና መንካቱ ነው።

«አንቺ! ልጅሽን ልትገድዪ ነው?» እናቴ ሕፃኗን ከእቅፏ ነጠቀቻት።

አንጓች ዞር ብላ እኔን ብቻ አየችኝ። እማማ ሙናት ሲመጡ ነገሩን ሰምተው ራሴን ዳበሱኝ። «ብልህ ልጅ፣ ነፍስ አዳንሽ» አሉና ከመቀነታቸው ፈትተው የሽምብራ ቆሎ ሰጡኝ። በላሁት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ቆሎ ነው። አንዲት አራስ እናት ልጇን እንዳታጠባ ስላሳበቅኩ ተመረቅኩ፣ ተሸለምኩም።

ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ እንዲለያዩ ተደረገ። ሕፃኗ ማዶ ሆና ቅቤ ትልሳለች፤ የስኳር ውኃና የተገዛ የላም ወተት በጨርቅ እየተነከረ አፏ ውስጥ ይጨመቅላታል። እህቴ ወዲህ ሆና ጡቷ ይወጠራል። በሦስተኛው ቀን እማማ ሙናት «አሁን ነጥቷል፣ ታጥባት» ብለው ፈቀዱ። ግን ጡቱ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ሕፃኗ ልትይዘው አልቻለችም። ያ ቀጭን ልቅሶም እየጠፋ ነበር። በአምስተኛው ቀን እህቴ በብርድ ልብስ ላይ ጋቢ ተደርቦላት ጥርሷ ይንቀጫቀጫል፤ ግንባሯ ግን ይፋጃል። ግራ ጡቷ ቀልቶ ያብረቀርቃል።

«ነፋስ መቷት ነው» አሉ እማማ ሙናት። መስኮቷ በጨርቅ ተወተፈች። ሌላዋ ጎረቤት «ዓይን ነው» አለች። ሕፃኗ የማትጠባው ደግሞ እንጥሏ ወርዶ ነው ተባለ፤ ከወንዝ ማዶ ያለው እንጥል ቆራጭ እሑድ እንዲመጣ ተላከበት። ሐሙስ ነበር። ሴቶቹ እየመጡ ይቀመጣሉ፣ ያወራሉ፣ የማርያም ገንፎ በተልባ ይበላሉ፣ መርቀው ይሄዳሉ። ባሏም አንድ ቀን መጥቶ ነበር። በሩ ላይ እንደቆመ «ደህና ናት?» አለ፤ «ደህና ናት» አሉት፤ ዝናብ ሳይቀድመኝ ላርም ብሎ ተመለሰ። ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ አንጓችን የጠየቃት አልነበረም። ስድስተኛ ክፍል የደረሰችው እሷ፣ የምትሞተውም እሷ፤ ሐሳብ የሚሰጠው ሌላው ሁሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ዳለቻ ላማችን ወለደች። አባቴ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ጥጃዋን በገለባ ያሻሻታል። እንደ ቆመች፣ ገና እግሯ እየተብረከረከ፣ አንገቷን ይዞ ወደ ላሟ ጡት መራት። ሁለት ሦስት ጠብታ ጣቱ ላይ አልቦ አፏን አስላሳት። ወተቱ ቢጫ ነበር፤ ያው ቢጫ።

«አባዬ ተው! ትሞታለች!» ብዬ ጮኽኩ።

«ከምኑ?»

«እንገር ነው እኮ!»

ሳቀ። አባቴ ብዙ የሚስቅ ሰው አልነበረም። «ሞኝ! እንገር ያልጠባ ጥጃ መቼ ይጠነክራል? ለጥጃ ከዚህ የሚበልጥ መድኃኒት የለም። በተወለደች ሰዓት ካልጠባች በሽታ ይጫወትባታል። አባቴ ነው ያስተማረኝ።»

ቆሜ አየሁት። ጥጃዋ ጭራዋን እያወዛወዘች ትጠባለች፤ አረፋው በአፏ ዙሪያ ተሰብስቧል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ብሆንም ሒሳቡ ተገጣጠመልኝ።

«ታዲያ የእታለምን ልጅ ለምን ከለከላችኋት?»

እጁ ላሟ ጎን ላይ ቀረ። «እሱ... እሱ የሴቶች ጉዳይ ነው። ሰውና ከብት አንድ አይደለም።»

«እናንተ ጥጃዋን ነው የምትወዱት!» አልኩና የጥጃዋን አንገት በሁለት እጄ አቅፌ ከጡቱ መነጨቅኳት። «እሷም አትጠባም! እሷም ቅቤ ትላስ! እሷም ትሙት!»

አባቴ ሊመታኝ እጁን አነሳ። በዚያች ቅጽበት ከቤት ውስጥ የአንጓች ማቃሰት ተሰማ። እጁ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ እጁን በሱሪው ጠረገና ወደ ቤት አቀና። ወንድ አራስ ያለችበት ጓዳ አይገባም፤ ልጁ ከወለደች ጀምሮ ዓይኗን አላየም ነበር። መጋረጃውን ገልጦ ገባ። እኔም ተከተልኩት። መጀመሪያ የሴት ልጁን ፊት አየ፣ ከዚያ እማማ ሙናት መድኃኒት ብለው በቅጠል የሸፈኑትን ጡቷን፣ ከዚያ ዓይኗ የጎደጎደውን ሕፃን።

«ቃሬዛ አውጡ» አለ።

«ምን ሆንክ ተሻገር!» አሉት አባቴን አጠገቧ የተቀመጡት እማማ ሙናት፤ «ሰባት ቀኗ ነው! አራስ ከቤት ይወጣል? መንገድ ላይ ብትለከፍስ?»

«ቤት ውስጥ ሆናስ ምን ተረፋት?» አላቸው። ለእማማ ሙናት እንዲያ ባለ ድምፅ የተናገረ ሰው ከዚያ በፊት አልሰማሁም።

ጤና ጣቢያው አስፋልቱ ዳር ነው። አራት ጎረቤቶቻችን ቃሬዛውን እየተቀባበሉ፣ እናቴ ሕፃኗን ጉያዋ ከትታ፣ እኔ ከኋላ እየሮጥኩ ደረስን። ነርሷ ወጣት ሴት ነበረች። ቅጠሉን ስታነሳ ፊቷ ተለወጠ፤ ዞራም እህቴ ላይ ጮኸችባት።

«እንዲህ እስኪሆን የት ነበርሽ? እንገሩን ደፋሽው አይደል? እናንተ መቼ ነው የምትሰሙት? ልጅሽን ልትገድዪ ነው?»

ያው ቃል! ልታጠባት ስትል «ልጅሽን ልትገድዪ ነው?» ተባለች፤ ሳታጠባት ስትቀርም «ልጅሽን ልትገድዪ ነው?» ተባለች። እናቴን አየኋት። «እኔ ነኝ» ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። እናቴ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ትጠቀልላለች፤ ዓይኗ መሬት ላይ ነው። አባቴን አየሁት። እሱም መስኮቱን ያያል። አንጓች ደግሞ ዓይኗን ጨፍና ስድቡን ትቀበላለች፤ መቀበል የለመደች ናትና።

«እሷ ልታጠባት ነበር!» አልኩ፤ ድምፄ እንዲያ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። «እንዳታጠባት ያረጓት እነሱ ናቸው። ያሳበቅኩባት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ነርሷ ወደ እህቴ ጎንበስ አለች። ከዚያ በኋላ እህቴን «አይዞሽ» ስትላት ሰማሁ።

ጡቷን በስተው መግል አወጡላት። ጩኸቷን ግቢው ውስጥ ሆኜ ሰማሁት፤ ከምጡ ጩኸት የባሰ ነበር። ነርሷ ከደህናው ጡት ወተት ኩባያ ውስጥ አልባ፣ በሻይ ማንኪያ፣ ጠብታ በጠብታ፣ ሕፃኗን ታጠጣት ጀመር። መጀመሪያ በአፏ ዳር ይፈስ ነበር። በስንተኛው ማንኪያ እንደሆነ እንጃ፣ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አየሁ። እናቴ ያኔ ነው ያለቀሰችው። እኔ አላለቀስኩም። እህቴ ስትሰደብ ዝም ያለች እናት አሁን እንባዋ ከየት እንደመጣ አልገባኝ አለ።

አሥራ አንድ ቀን እዚያው ቆይተው ዳኑ። የግራ ጡቷ ግን ተኮማትሮ፣ ከላይ እስከ ታች ጠባሳ ይዞ ቀረ። በዚያ ወገን ሁለተኛ አላጠባችም።

ሰማንያ ቀኑ ሲሞላ፣ ጤፉ ነጣ ነጣ ማለት ሲጀምር፣ ሕፃኗ ክርስትና ተነሳች። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ወንዶቹ ከካህናቱ ጋር ዳሱ ውስጥ፣ ሴቶቹ ከቤት ተቀመጡ። እማማ ሙናት ከምሰሶው ሥር የክብር ቦታቸውን ይዘዋል። የሚገባው ሰው ሁሉ አንጓችን ይስምና «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል፤ ወዲያው ወደ እማማ ሙናት ዞሮ «እጅዎ ይባረክ» ይላል። እጃቸው! ስለ ቃሬዛው፣ ስለ ጤና ጣቢያው፣ ስለዚያ ሁሉ ቀን አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። ነገሩ ሁሉ በእማማ ሙናት እጅና በማርያም ምሕረት ተጠቃሎ አልቋል።

አጠገባቸው ፈንታነሽ የምትባል የበኩሯን ያረገዘች ጎረቤታችን ተቀምጣለች። ስምንት ወሯ ነው። እማማ ሙናት ጉልበቷን መታ አደረጉና «አንቺንም የማዋልድሽ እኔ ነኝ፤ አትፍሪ። እንገሩን እንደፋለን፣ ለልጁ ቅቤ...» ማለት ጀመሩ።

አንጓች ተነሳች። ሕፃኗን እኔ ጭን ላይ አስቀመጠች። የቀሚሷን አንገት በሁለት እጇ ይዛ ወደ ታች ሳበችውና ያንን ጠባሳ በቤቱ ሙሉ ሴት ፊት ገለጠችው።

«አንጓች! ነውር ነው!» አለች እናቴ ልትሸፍናት እየተንደረደረች።

«ተይኝ እማ። ይዩት።» አለችና የእናቴን እጅ ገፋ አደረገች። «ሁላችሁም ማርያም ማረችሽ አላችሁኝ። አዎ ምራኛለች። ማርያም የማረችኝ ግን ከምጡ አይደለም። ከእናንተ ነው።»

ብርጭቆ የያዘ ሁሉ እንደያዘ ቀረ። ከዳሱ የካህናቱ ዝማሬ ይሰማል። እማማ ሙናት ያንን ጠባሳ ትኩር ብለው ሲያዩ ቆዩና «እኔም አራት ልጅ ቀብሬአለሁ» አሉ። «አራት። ሁሉንም እናቴ እንዳዘዘችኝ አርጌ። እኔን ማን ምን አለኝ?»

ቁጣ ይሁን ልቅሶ አልለየሁትም። አዘንኩላቸው፤ ማዘኔ ራሱ ግን አናደደኝ። አራት ቀብረው እንዴት አምስተኛውን ለማዳን ቆም ብለው አላሰቡም? ይህን ጥያቄ ያኔ በዚህ ቃል አላልኩትም፤ ሆዴ ውስጥ ግን ነበር፣ ዛሬም አለ።

እህቴ ቀሚሷን መልሳ ለበሰችና ልጇን ከጭኔ አንስታ መደቡ ላይ ተቀመጠች። በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት ቀኝ ጡቷን አወጣችላት። ፈንታነሽ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ከእማማ ሙናት አጠገብ ተነሳች። የሴቶቹን ጉልበት እየተሻገረች ሄዳ እህቴ ጎን ተቀመጠችና «እስቲ ንገሪኝ» አለቻት፤ «እኔ ምን ላድርግ?»